ደሙ ሳይለይ ደንገጎን አይውጣ፦ ሆሞሲስቴይንንና ዘመዶቹን በፕላዝማ ውስጥ የመለካት ዝርዝር መመሪያ

ድሬዳዋ ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ካለፈ ሙቀቱ ከባድ ነው። ከዚራ በሚባለው ሰፈር የዛፍ ጥላ ስር የተቀመጠ ሰው እንኳ ያልበዋል። በዚያ ሰዓት ላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ የደም ቱቦ ምን እንደሚሆን ግን ብዙ ሰው አያስብም። ቀይ የደም ሴሎች ከክንድ ከወጡም በኋላ ሥራ አያቆሙም። ሆሞሲስቴይን የሚባለውን ሰልፈር ያለበት የአሚኖ ውህድ እየሠሩ ወደ ፕላዝማው፣ ማለትም ወደ ደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ይለቃሉ። በተራ የክፍል ሙቀት በየሰዓቱ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ጠዋት 10 ማይክሮሞል በሊትር የነበረው ከሰዓት በኋላ 14 ወይም 15 ሆኖ ይነበባል። ሰውየው ግን ምንም አልሆነም።

ይሄ በእኔም ላይ ደርሷል። አንድ ጊዜ ሃያ ናሙና አብረን ሠራን፤ ሁሉም ከፍ ብሎ ወጣ። ማሽኑን ጠረጠርን። ኬሚካሉን ጠረጠርን። ሁለት ቀን ሙሉ ስንፈታና ስንገጥም ቆየን። በመጨረሻ የደሙን መንገድ ስንጠይቅ፣ ፕላዝማው ከሴሎቹ ሳይለይ በካርቶን ተጭኖ ግማሽ ቀን እንደዋለ ሰማን። ሃያ ሰው ጾሞ የሰጠው ደም ተደፋ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ማሽኑ ከማውራቱ በፊት ስለ ቱቦው ብዙ ያወራል።

የጻፍኩት ላቦራቶሪ ውስጥ ለሚሠሩ ባልደረቦቼና ሐረርም ሆነ ድሬዳዋ ለመመረቂያ ጥናታቸው ይህን ልኬት ለሚያስቡ ተማሪዎች ነው።

የምንለካው ምንድን ነው?

ድኝ፣ ማለትም ሰልፈር፣ ያላቸው የአሚኖ ውህዶች ናቸው። ፕላዝማ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሲስቴይን ነው፤ በጤነኛ አዋቂ ሰው ከ200 እስከ 300 ማይክሮሞል በሊትር ይደርሳል። ሲስቴይኒልግላይሲን ከ20 እስከ 40 ነው። ሆሞሲስቴይን ከ5 እስከ 15። ግሉታታዮን ደግሞ ጥቂት ማይክሮሞል ብቻ። አራቱም ጫፋቸው ላይ ሰልፈርና ሃይድሮጅን የያዘ እጅ አላቸው። ታዮል ይባላል። መለኪያ ዘዴያችን የሚይዛቸው በዚህ እጅ ነው።

ችግሩ ይህ እጅ ባዶውን አይቀመጥም። ካገኘው ሌላ ታዮል ጋር ይያያዛል። ከሆሞሲስቴይኑ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው አልቡሚን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው የሚዞረው። አብዛኛው ቀሪ ደግሞ ከሌላ ሲስቴይን ወይም ከራሱ ብጤ ጋር ተጣምሯል። ነጻ ሆኖ የሚገኘው 1 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ «ጠቅላላ ሆሞሲስቴይን» ስንል መጀመሪያ ሁሉንም ከተያያዙበት ፈትተን ከዚያ መለካት ማለታችን ነው። ይህን ያልገባው ሰው የሥራውን ቅደም ተከተል ያዛባል።

አንድ የስም ነገር እዚህ ላይ ልናገር። ሲስቴይን ነጠላው ነው። ሲስቲን ሁለት ሲስቴይን የተጣመሩበት ነው። ሆሞሲስቴይንና ሆሞሲስቲንም እንደዚያው። በአንድ ፊደል የሚለያዩ ሁለት ጠርሙሶች መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ስያሜውን ሁለቴ አንብቡ።

ሆሞሲስቴይን የታወቀው በ1932 ነው፤ ያገኘው ቪንሰንት ዱ ቪኞ በ1955 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በ1962 ሰሜን አየርላንድ ውስጥ በልጆች ሽንት ላይ ታይቶ ሆሞሲስቲኑሪያ የሚባለው የዘር በሽታ ተገለጸ። በ1969 ኪልመር ማኩሊ ከደም ሥር መጎዳት ጋር አያያዘው። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ትልልቅ ጥናቶች ቫይታሚን ሰጥቶ ሆሞሲስቴይንን ማውረድ ድንገተኛ የልብ ሕመምን እንደማይቀንስ አሳይተዋል። ዛሬ ልኬቱ በይበልጥ የሚጠቅመው የቢ12ና የፎሌት እጥረትን ለመያዝ፣ እንዲሁም ያንን የዘር በሽታ ለመለየት ነው።

ከመቅዳት በፊት

ሰውየው ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል ሳይበላ ቢመጣ ይመረጣል። ሥጋ የበዛበት ራት ሜታዮኒን የሚባል አሚኖ አሲድ ያመጣል፤ ሜታዮኒን ደግሞ ወደ ሆሞሲስቴይን ይለወጣል።

አጠያየቃችሁ ላይ ጥንቃቄ ይኑር። «እማማ፣ ቁርስ በልተዋል?» ስትሏቸው «ኧረ አልበላሁም ልጄ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ሁለት ስኒ ቡና ጠጥተው ሊሆን ይችላል። እኛ አገር ቡና እንደ ምግብ አይቆጠርም። ስለዚህ «ቡናስ? ሻይስ? ወተትስ?» ብላችሁ በስም ጠይቁ። ብዙ ቡና መጠጣት ራሱ ሆሞሲስቴይንን ከፍ ስለሚያደርግ፣ በቀን ስንት ስኒ እንደሚጠጡም ጻፉ። የሐረር ቡና አገር ሆኖ ይህን ጥያቄ መዝለል አይቻልም።

ረመዳን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የመጣ ጾመኛ ሱሁር ከበላ ገና ጥቂት ሰዓት ነው። እሱን ከሰዓት በኋላ፣ ከኢፍጣር በፊት ቀጥሩት። በዓመት ውስጥ የሚነጻጸር ጥናት ከሆነ የቅጂውን ሰዓት ለሁሉም አንድ አድርጉ።

መድኃኒትም ጠይቁ። ሜቶትሬክሴትና ሜትፎርሚን ሆሞሲስቴይንን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ለሳል አክታ የሚሰጠው አሴቲልሲስቴይን ደግሞ ራሱ ታዮል ስለሆነ ልኬቱን ያዛባል። ሰውየው ጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ፤ ተኝቶም ሳይሆን ተቀምጦ ይቀዳ። ሲተኛ የአልቡሚኑ ክምችት ይወርዳል፤ የተጣበቀውም አብሮ ይወርዳል።

ደሙን መቅዳትና መለየት

ክዳኑ ሐምራዊ የሆነውን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን የኢዲቲኤ ቱቦ ተጠቀሙ። ሴረም፣ ማለትም ከረጋ ደም የሚወጣውን ፈሳሽ፣ አልመክርም፤ ደሙ እስኪረጋ የሚጠበቀው ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ለእኛ ኪሳራ ነው። ቱቦውን ስምንት ጊዜ ያህል በቀስታ ገልብጡት። አትነቅንቁት፤ ሴሎቹ ይፈነዳሉ።

ወዲያው በረዶና ውኃ የተደባለቀበት ዕቃ ውስጥ ይግባ። በረዶ ብቻውን ቱቦውን በሙሉ አይነካውም፤ ውኃ ሲቀላቀልበት ቅዝቃዜው ዙሪያውን ይደርሳል። የበረዶ ማሽን የለንም ብላችሁ አትቁሙ። ማታ ጥቂት ሃይላንድ ውኃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩ። ጠዋት ሰባብራችሁ ውኃ ጨምሩበት፤ ይበቃል።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ሴንትሪፊዩጅ ይደረግ። ከ1,500 እስከ 2,000 ጂ (የስበት ኃይል እጥፍ)፣ ለ10 ደቂቃ። ማሽናችሁ የሚያሳየው በደቂቃ የሚዞረውን ብቻ ከሆነ እንዲህ አስሉ፦ የክንዱን ርዝመት በሴንቲሜትር፣ በዙሩ ቁጥር ካሬ፣ ከዚያም በ0.00001118 አባዙ። ክንዱ 10 ሴንቲሜትር ሆኖ 4,000 ቢዞር 1,790 ጂ ገደማ ይመጣል። ጥሩ ነው።

ፕላዝማውን ስትቀዱ ከሴሎቹ በላይ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ተዉ። ስስት አይጠቅምም። ፕላዝማው ወደ ቀይ ካደላ መዝግቡት። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ግሉታታዮን በፕላዝማ ካለው በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ትንሽ ሴል ከፈነዳ የግሉታታዮን ውጤታችሁ ዋጋ የለውም።

እዚህ ድረስ ከደረሳችሁ ትንፋሽ ውሰዱ። የተለየ ፕላዝማ ውስጥ ጠቅላላ ሆሞሲስቴይን ጠንካራ ነው። በክፍል ሙቀት ለቀናት፣ ፍሪጅ ውስጥ ለሳምንታት፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለዓመታት ይቆያል። ከድሬ ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ ሚኒባሱ ደግሞ እስኪሞላ ይቆማል። ማሽኑ ሐረር ከሆነ ድሬ ላይ ለይታችሁ ፕላዝማውን ላኩ። ደሙ ሳይለይ በመሃል ያለውን የደንገጎን ዳገት አይውጣ።

ፍሪዘራችሁ መብራት ሲጠፋ ቀልጦ መልሶ እንዳልቀዘቀዘ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ኩባያ ውስጥ ውኃ አቀዝቅዙና ከላዩ ሳንቲም አስቀምጡ። ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ካገኛችሁት በመሃል ቀልጧል ማለት ነው።

ነጻውን ታዮል ወይም ያልተጣመረውን ግሉታታዮን ለብቻው መለካት ለምትፈልጉ ግን ሌላ መንገድ ነው ያለው። እሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። አልጋው አጠገብ አሲድ ወይም ታዮሉን የሚቆልፍ ኬሚካል ይዞ መቅዳት ይጠይቃል። ይህ መመሪያ ያንን አይሸፍንም።

ኬሚካሎቹ

ውኃው ነገር ነው። የድሬ ውኃ ጨዋማና ከባድ እንደሆነ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያየ ያውቃል። ብረታ ብረት ያለበት ውኃ ታዮልን ያቃጥላል። ማዕድኑ በሙሉ የወጣለት ውኃ ብቻ ተጠቀሙ።

ማያያዣውን የሚፈታው ቲሲኢፒ ነው። በ1 ሊትር 120 ግራም በሚሆን መጠን፣ በዕለቱ አዘጋጁት። ድሮ ለዚህ ሥራ ትራይቡቲልፎስፊን ነበር የሚወሰደው። ሽታው የሚያቃጥልና እሳት የሚይዝ ነው። ቲሲኢፒ በውኃ ይሟሟል፣ አይሸትም፤ ራሱ ታዮል ስላልሆነም፣ ታዮሉ በማሽኑ እንዲታይ ምልክት የሚለጥፈውን ኬሚካል አይሻማም።

ፕሮቲኑን የሚያወርደው ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ነው፦ በ1 ሊትር 100 ግራም፣ ከ1 ሚሊሞል ኢዲቲኤ ጋር። ቆዳ ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር አድርጉ።

ቦሬት በፈር (ፒኤች የሚያረጋጋ ፈሳሽ) 0.125 ሞላር፣ ፒኤች 9.5፣ ከ4 ሚሊሞል ኢዲቲኤ ጋር። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 1.55 ሞላር። ፎስፌት በፈር ፒኤች 7.4። ምልክት ለጣፊው ኤስቢዲ-ኤፍ ሲሆን በ1 ሚሊሊትር ቦሬት 1 ሚሊግራም ይሟሟል። ብርሃን አይወድም፤ ጠርሙሱን በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልሉት።

የውስጥ ማነጻጸሪያው፣ ማለትም በየናሙናው እኩል የሚጨመረው፣ ሲስታሚን 2 ሚሊሞላር ነው። እኔ ሲስታሚንን የምመርጠው እሱም እንደ ናሙናው ተጣምሮ ስለሚገባ ነው። ቲሲኢፒው ካልሠራ ሲስታሚኑም አይፈታም፤ ፒኩ፣ ማለትም ማሽኑ የሚስለው ጉብታ፣ ትንሽ ሆኖ ያስጠነቅቃችኋል።

የሥራው ቀን

በትንሽ ቱቦ 50 ማይክሮሊትር ፕላዝማ አድርጉ። 25 ማይክሮሊትር ሲስታሚን፣ 25 ማይክሮሊትር ፎስፌት በፈር፣ 10 ማይክሮሊትር ቲሲኢፒ ጨምሩ። ነቅንቁና በክፍል ሙቀት 30 ደቂቃ ተዉት። በዚህ ጊዜ ሆሞሲስቴይኑ ከአልቡሚኑ ይላቀቃል።

ቀጥሎ 90 ማይክሮሊትር አሲድ። ወዲያው እንደ ወተት ይነጣል። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛቡ አደራ። አሲዱን አስቀድማችሁ ብትጨምሩ፣ የተጣበቀው ሆሞሲስቴይን ከፕሮቲኑ ጋር አብሮ ወደ ታች ይወርድና ይቀራል። ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነውን ጣላችሁ ማለት ነው። በ13,000 ጂ ለ10 ደቂቃ አዙሩት።

ከላይ ከጠለለው ፈሳሽ 50 ማይክሮሊትር ወደ ሌላ ቱቦ ውሰዱ። 10 ማይክሮሊትር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ 125 ማይክሮሊትር ቦሬት፣ 50 ማይክሮሊትር ኤስቢዲ-ኤፍ ጨምሩ። ሃይድሮክሳይዷ ትንሽ ብትመስልም የመጣውን አሲድ የምታጠፋው እሷ ናት። ከተረሳች ወይም ፒፔታችሁ ካሳነሳት ፒኤቹ ይወርዳል፤ ምልክቱም አይለጠፍም። መጀመሪያ ቀን በአንድ የሙከራ ቱቦ ላይ በፒኤች ወረቀት አረጋግጡ፤ 9.5 አካባቢ መሆን አለበት።

ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ1 ሰዓት፣ ጨለማ ውስጥ። ከዚያ በረዶ ላይ። የተለጠፈው ውህድ በጨለማና በፍሪጅ ለጥቂት ቀን ስለሚቆይ መብራት ቢጠፋ አትደንግጡ።

ኤችፒኤልሲው (ውህዶቹን እየለየ የሚለካው ማሽን) ላይ ሲ-18 ኮለን፣ ማለትም መለያ ቱቦ፣ ግጠሙ። የሚፈሰው 0.1 ሞላር አሴቴት በፈር፣ ፒኤች 5.5፣ 3 በመቶ ሜታኖል ያለበት ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 0.7 ሚሊሊትር፣ የሚገባው ናሙና 10 ማይክሮሊትር። የፍሎረሰንስ መለኪያውን 385 ናኖሜትር ላይ እንዲያበራ፣ 515 ላይ እንዲያነብ አድርጉ። የፒኮቹ ቅደም ተከተል በፒኤችና በኮለን ስለሚለዋወጥ፣ አራቱንም ውህዶች መጀመሪያ ለየብቻ አስገብታችሁ ደቂቃቸውን መዝግቡ። ከሌላ ሰው ወረቀት አትቅዱ።

የኮለኑን ማሞቂያ 40 ዲግሪ ላይ አድርጉት። ብዙ ማሞቂያዎች ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችሉም። 30 ላይ ብታደርጉትና ክፍሉ ከሰዓት በኋላ 34 ቢደርስ፣ ጠዋትና ከሰዓት የፒኮቹ ደቂቃ ይለያያል።

ማታ ሳትሄዱ ኮለኑን መጀመሪያ በትንሽ ሜታኖል በተቀላቀለ ውኃ፣ ከዚያ በሜታኖል እጠቡት። የበፈሩ ጨው ፓምፑ ውስጥ ከደረቀ ጠዋት የሚጠብቃችሁ ብልሽት ነው።

መስፈሪያውና ስሌቱ

ለመስፈሪያ ሆሞሲስቲን ይሻላል፤ እንደ ሆሞሲስቴይን ቶሎ አይበላሽም። 13.4 ሚሊግራም በ100 ሚሊሊትር የ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ አሟሙ። ይህ 500 ማይክሮሞል በሊትር ሆሞሲስቲን ነው። ግን አንዱ ሲፈታ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ 1,000 ማይክሮሞል በሊትር ሆሞሲስቴይን ብላችሁ ቁጠሩት። ይህን ሁለት እጥፍ የረሳ ሰው የሁሉንም ታካሚ ውጤት በግማሽ ያወርዳል። ስህተቱ ደግሞ አይታይም፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው።

መስፈሪያውን በውኃ ብቻ አታዘጋጁ። ከፈቃደኞች የተሰበሰበ ፕላዝማ ቀላቅሉና 960 ማይክሮሊትር በአምስት ቱቦ አድርጉ። ከሆሞሲስቲኑ 0፣ 5፣ 10፣ 20 እና 40 ማይክሮሊትር ጨምሩ። ጉድለቱን በዚያው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እስከ 40 ማይክሮሊትር ሙሉት። እያንዳንዱ 1 ሚሊሊትር ይሆናል፤ የተጨመረውም 0፣ 5፣ 10፣ 20 እና 40 ማይክሮሞል በሊትር ነው። እነዚህንም እንደ ናሙና ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምራችሁ ሥሯቸው። ለሲስቴይን ተመሳሳዩን በሲስቲን አድርጉ፤ መጠኑ ግን እስከ 400 ይድረስ።

የሆሞሲስቴይኑን ፒክ ስፋት ለማነጻጸሪያው ስፋት አካፍሉ። በተጨመረው መጠን ላይ ነጥቦቹን አስቀምጡና የመስመሩን ተዳፋት ፈልጉ። ለምሳሌ ተዳፋቱ 0.05 ሆኖ የታካሚው ንጽጽር 0.62 ቢሆን፣ ውጤቱ 12.4 ማይክሮሞል በሊትር ነው። መስመሩ ዜሮ ላይ አይጀምርም፤ የተቀላቀለው ፕላዝማ የራሱ ሆሞሲስቴይን አለውና።

ከዚያው ፕላዝማ ብዙ ትንንሽ ቱቦ አቀዝቅዙ። አንዱን እንዳለ፣ ሌላውን 20 ጨምራችሁበት። በየሥራው ቀን መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ ላይ አስገቧቸው። የቀን ለቀን ልዩነታቸው ከ5 በመቶ ካለፈ የታካሚ ውጤት አትልቀቁ። በጀት ካላችሁ የአሜሪካው የመለኪያዎች ተቋም ኒስት ያዘጋጀው ኤስአርኤም 1955 የሚባል ማመሳከሪያ አሁንም ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። ሦስት ደረጃ ያለው የሰው ሴረም ነው። ለጥናት መጽሔት የምታስቡ ከሆነ ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም።

ኤችፒኤልሲ ከሌለ

በኢንዛይም የሚሠራ ኪት አለ። ሆሞሲስቴይኑ እየዞረ ፓይሩቬት ያስገኛል፤ ፓይሩቬቱ ኤንኤዲኤች የሚባል ውህድ ይበላል፤ መቀነሱ በ340 ናኖሜትር ይነበባል። ብዙ ሆስፒታል ያለው ተራ የኬሚስትሪ ማሽን ይህን ያነባል። ለታካሚ አገልግሎት እኔ ይህንን ነው የምመርጠው። የሚነግራችሁ ግን ሆሞሲስቴይንን ብቻ ነው፤ ሲስቴይንና ግሉታታዮን ከፈለጋችሁ ወደ ኤችፒኤልሲ ትመለሳላችሁ። ማሽኑ የቱም ይሁን የቱ፣ የበረዶው ሕግ አይቀየርም።

ውጤቱን ማንበብ

ከ15 እስከ 30 መጠነኛ ከፍታ ይባላል። ከ30 እስከ 100 መካከለኛ። ከ100 በላይ ከባድ ነው፤ ሆሞሲስቲኑሪያን ማሰብ ያስፈልጋል። መጠነኛውን ስታዩ መጀመሪያ ቢ12፣ ፎሌት፣ ኩላሊትና ታይሮይድ ይታዩ። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው። ረጅም ጾም የሚጾሙ፣ ወተትና ሥጋ የማይደርሳቸው ሰዎች ላይ ይህን አስቡ። ዕድሜ ሲገፋም ይጨምራል፤ ወንዶች ላይም ከፍ ይላል።

ውጤቱ ወረቀት ላይ ከቁጥሩ ጎን ሁለት ሰዓቶች ይጻፉ፦ የተቀዳበትና የተለየበት። እዚህ ላይ በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም ነገር አለ። ነርሷ «2፡15» ብላ በእኛ አቆጣጠር ትጽፋለች፤ ማሽኑ 8፡50 ብሎ በፈረንጅ ያትማል። አንዱ ሰው ሳያስብ ሲያነበው ደሙ ከስድስት ሰዓት በላይ የቆመ ይመስለዋል፤ የቆየው ግን 35 ደቂቃ ነው። ተቃራኒውም ይሆናል፣ ያረጀ ደም ትኩስ መስሎ ያልፋል። ቅጹ ላይ አንዱን አቆጣጠር መርጣችሁ በጉልህ አትሙት። በረዶ ሳይነካው ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየ ደም ከመጣ አትቀበሉ። ለታካሚው ይቅርታ ጠይቃችሁ በማግስቱ ጠዋት እንደገና ቅዱ።